ሁለት ዝምታዎች

በክረምት ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ላይ በረዶ ሲጥል የማይሰማ ሰው የለም። ቆርቆሮው ይንጫጫል፤ ወሬ የያዙ ሰዎች ይጯጯሃሉ፤ ልጆች ደጃፍ ላይ ቆመው ጠጠሩን በእፍኛቸው ይለቅማሉ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሁሉም ቀልጦ በቦይ ይወርዳል። አማርኛ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውንም፣ ሲያትል ያለች እኅት ከመስኮቷ ፎቶ አንሥታ የምትልከውን ነጭ ባዘቶም በዚያው ስም «በረዶ» ይለዋል። «አመዳይ» የሚል የቆየ ቃል በመጽሐፍ ቢኖርም በሰው አፍ እምብዛም አይሰማም። ሦስቱን በአንድ ስም መጥራት ለዕለት ኑሮ የሚያጎድለው ነገር የለም። ተራራ ላይ ግን ልዩነቱ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። የቆርቆሮው በረዶ እየጮኸ ይመጣል፤ ያኛው በዝምታ ይከመራል።

ኢትዮጵያ ይህን ዝምተኛ በረዶ ፈጽሞ አታውቀውም ማለት አይደለም። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለ መንገደኛ አዱሊስ ላይ የገለበጠው የግሪክኛ ጽሑፍ፣ ስሙ ያልተጠቀሰ ንጉሥ ስሜንን እንዴት እንደ ወጋ ሲተርክ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበትን በረዶ ያነሣል። ዛሬም ራስ ደጀን አንዳንድ ሌሊት ነጭ ለብሶ ያድራል። በረዶ ናዳ እንዲሆን ግን ሳይቀልጥ መክረም አለበት፤ በአንዱ ላይ ሌላው፣ በዚያም ላይ ሌላው እየተደረበ፣ እያንዳንዱ ድርብ የወረደበትን ቀን ጠባይ በውስጡ ይዞ።

እንዲህ ያለ በረዶ ከሚከርምባቸው ቦታዎች አንዱ ስቲቨንስ ፓስ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ከሲያትል በስተ ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ካስኬድ በሚባለው የተራራ ሰንሰለት ላይ የሚገኝ፣ እንደ ጣርማ በር ያለ የተራራ በር ነው። ከፍታው 1,238 ሜትር ነው፤ የአዲስ አበባን ግማሽ ቢያህል ነው። ከፓሲፊክ ውቅያኖስ የሚነሣው እርጥብ አየር ግን ይህን ግድግዳ ለመሻገር ሲወጣ ሸክሙን እዚያው ያራግፋል፤ ክረምቱን ሙሉ በረዶ በሜትር ይለካል። በዚህ አንድ በር ላይ በ102 ዓመታት ልዩነት የደረሱ ሁለት ናዳዎች ስለ ዕውቀት አንድ የማይመች ጥያቄ ጥለው አልፈዋል።

ከቅርቡ እንጀምር። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በፌብሩዋሪ 2012 መጀመሪያ ላይ የካስኬድ ሰማይ ጠርቶ ሌሊቱ ቀዘቀዘ። የሰሜን ሸዋ ገበሬ እንዲህ ያለውን ሌሊት ያውቀዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ደመናው ሲገፈፍ የመሬቱ ሙቀት ወደ ሰማይ ያመልጣል፤ ሲነጋ ባቄላው በውርጭ ተመትቶ ይገኛል። በረዶ ላይም ያው ውርጭ ይበቅላል። ጎንበስ ብሎ ላየው የላባ ቅርጽ ያላቸው፣ ከጥፍር የማይበልጡ ስስ ቅንጣቶች ናቸው፤ ቀጥ ብለው ቆመው ፀሐይ ሲነካቸው ቁልቁለቱን ሙሉ ያብለጨልጩታል። በእጅ ሲዳስሷቸው ይፈርሳሉ። ከዚያ ማዕበሉ ይመጣና ይቀብራቸዋል።

የተቀበረ ውርጭ ግን ቶሎ አይጠፋም። በላዩ የወረደው አዲስ በረዶ በነፋስና በራሱ ክብደት እየተጠቀጠቀ አንድ ወጥ ንጣፍ ይሆናል፤ ከሥሩ እነዚያ ደካማ ላባዎች እንደ ቆሙ ናቸው። ዘንበል ባለ ሰሌዳ ላይ ጤፍ በትኖ፣ በጤፉ ላይ ደረቅ ቁርበት እንደ መዘርጋት ነው። ቁርበቱ ለጊዜው ይቆያል። አንድ ሰው ጫፉን ሲረግጠው ግን የሚንሸራተተው የተረገጠው ጫፍ ብቻ አይደለም፤ መላው ቁርበት ነው። በበረዶው ውስጥም ስንጥቁ ሰው በበረዶ ላይ ለመንሸራተት ከሚጫማው ሸርታቴ ሥር ተነሥቶ በዓይን ከሚከተሉት በላይ ይሮጣል፤ ሰውየው የቆመበት ቁልቁለት ሙሉ በሙሉ ከተራራው ይላቀቃል።

ይህ በአብዛኛው የሚሆነው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባዘነበለ ቁልቁለት ላይ ነው። ከዚያ ሲያንስ በረዶው ክብደቱን ተሸክሞ ይቀመጣል፤ እጅግ ሲቆም ደግሞ ብዙ ሳይከማች ትንሽ በትንሹ ይራገፋል። ችግሩ ሸርታቴ የሚወድ ሰው የሚመኘው ቁልቁለትም ይኸው መሆኑ ነው። ደስታውና ናዳው አንድ አድራሻ አላቸው።

ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2012 እሑድ ነበር። በውርጩ ላይ 80 ሳንቲ ሜትር የሚያህል አዲስ በረዶ ወርዷል። 16 ሰዎች በስቲቨንስ ፓስ ካለው የሸርታቴ መዝናኛ ሥፍራ ወሰን ውጭ ባለው፣ ተነል ክሪክ በሚባለው ቁልቁለት ለመውረድ ተሰባሰቡ። አንዳቸውም ጀማሪ አልነበሩም። በሙያው ስም ያወጡ ሸርታቴኞች፣ ስለ ስፖርቱ የሚጽፉ ጋዜጠኞች፣ በውድድር ዳኝነት የታወቁ፣ ያንን ቁልቁለት እንደ ጓሯቸው የሚያውቁ የአካባቢው ሰዎች ነበሩ። የዕለቱ የናዳ ማስጠንቀቂያ ተነግሯል፤ በላይኛው ከፍታ ላይ አደጋው «ከፍተኛ» ነበር። እኩለ ቀን ገደማ ንጣፉ ተሰነጠቀ፤ ናዳውም ወደ 900 ሜትር ገደማ ቁልቁል ተምዘገዘገ። ሦስት ሰዎች ሞቱ። አብራ የተወሰደች አንዲት ሸርታቴኛ ግን ተረፈች። ገመድ ስትጎትት ከጀርባ ቦርሳዋ የሚነፋ የአየር ከረጢት ነበራት፤ ሰፌድ ሲነቀነቅ ትልልቁ እንክርዳድ ወደ ላይ እንደሚወጣ ሁሉ፣ በሚፈስ በረዶ ውስጥም የገዘፈ ነገር ወደ ላይ ይወጣልና ናዳው ሲቆም ፊቷ ከበረዶው በላይ ነበር። ኒው ዮርክ ታይምስ በዚያው ዓመት መጨረሻ ስለ ቀኑ ያወጣው ሰፊ ዘገባ በ2013 የፑሊትዘርን ሽልማት አግኝቷል።

ዘገባውን ያነበበ ሁሉ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህን ሁሉ የሚያውቁ ሰዎች ምን ነካቸው? ጥያቄው ዕውቀት ይጠብቃል የሚል እምነት ተሸክሟል። ሮቢን ሆጋርት የተባለው የሥነ ልቡና ምሁር ግን በ2001 ባሳተመው ሥራው ከዚያ በፊት የሚቀድም ጥያቄ አንሥቶ ነበር፤ ልምዱ የተገኘው ከምን ዓይነት አስተማሪ ነው? ደግ አስተማሪ አለ፤ ክፉ አስተማሪም አለ።

እንጀራ ጋጋሪ ያጋጠማት ደግ አስተማሪ ነው። ምጣዱ ካልሞቀ እንጀራው ዓይን አያወጣም፤ ከጋለ ያርራል፤ ሊጡ ከቀጠነ ይበጣጠሳል። በአንድ ጠዋት ሠላሳ ጊዜ ትሞክራለች፣ ሠላሳ ጊዜም ወዲያውኑ መልስ ታገኛለች። ከአሥር ዓመት በኋላ እጇ የሚነግራትን ብታምን አትሳሳትም። በሌላው ጫፍ ሆጋርት የሚያነሣው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኒው ዮርክ ውስጥ የነበረ ሐኪም አለ። ይህ ሰው የበሽተኞችን ምላስ እየዳሰሰ ታይፎይድ የሚይዛቸውን አስቀድሞ በመናገር የታወቀ ነበር። ግምቱም ይሰምር ነበር፤ ምክንያቱም በሽታውን ካንዱ ምላስ ወደ ሌላው የሚያደርሰው የራሱ እጅ ነው። በየቀኑ ይሳሳታል፤ በየቀኑም ትክክል ነህ ይባላል።

በረዶ የተከመረበት ቁልቁለት ወደዚህ ሐኪም አስተማሪ ይቀርባል። መቶ ጊዜ የወረደበት ሰው መቶ ጊዜ በሰላም ታች ደርሶ የጓደኛውን እጅ ይመታል። ከመቶው ውስጥ ስንቱ ቁልቁለቱ ጽኑ ስለ ነበረ፣ ስንቱ ደግሞ ደካማውን ሥፍራ በአንድ ክንድ ስላለፈው ብቻ በሰላም እንዳለቀ የሚነግረው የለም። ሁለቱ ከታች ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ነጭ፣ ጸጥ ያለ፣ በሸርታቴ ፈለግ ያጌጠ ሜዳ። ሰውየው ግን መቶውንም በልምድ መዝገብ ላይ ያሰፍራቸዋል። የመጀመሪያው ዝምታ ይህ ነው። ተራራው አልተቃወመም፤ እንግዲያስ ተስማምቷል ይባልለታል።

ከተነል ክሪክ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ራቅ ብሎ በ1910 የሆነውም በዚሁ ዝምታ ላይ የቆመ ነበር። የግሬት ኖርዘርን ኩባንያ ሁለት ባቡሮች፣ አንዱ የመንገደኞች፣ አንዱ የፖስታ፣ በፌብሩዋሪ መጨረሻ ተራራውን የሚሰረስረውን ዋሻ አልፈው ዌሊንግተን በተባለች አነስተኛ የባቡር መንደር ተገተሩ። በረዶው ከፊትም ከኋላም ሐዲዱን ዘጋ። በረዶ የሚጠርጉት ማሽኖች አንድ በአንድ ተያዙ፤ የድንጋይ ከሰሉ ተመናመነ። መንገደኞቹ ስድስት ቀን ያህል በፉርጎው መስኮት ከበላያቸው የተከመረውን ቁልቁለት ሲያዩ ሰነበቱ። ጥቂቶች ተስፋ ቆርጠው በእግር ወደ ታች ወርደው ተረፉ። ባቡሩ ወደ ዋሻው ይመለስልን ያሉም ነበሩ፤ ዋሻው ብርድና ጭስ ነው ተባለ። ደግሞስ ባቡሮቹ የቆሙበት ሥፍራ ላይ ናዳ ወርዶ ያየ ሰው አልነበረም።

ማርች 1 ሌሊት ከሰባት ሰዓት በኋላ፣ በረዶው ወደ ዝናብ ተለውጦ መብረቅ እየበረቀ ሳለ፣ ከላይ ያለው ንጣፍ ተገምሶ ሁለቱንም ባቡሮች ወደ ገደሉ ጣላቸው። 96 ሰዎች ሞቱ፤ 23 ተረፉ። በአሜሪካ ታሪክ ይህን ያህል ሕይወት የቀጠፈ የበረዶ ናዳ የለም። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1914 የዋሽንግተን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኩባንያውን ከተጠያቂነት ነጻ አደረገው፤ ሰው ሊያውቀው የማይችል የፈጣሪ ሥራ ነው በሚል። ነገር ግን ያ ቁልቁለት ባለፉት ዘመናት በደን ተሸፍኖ የኖረ ነው። ደኑ ከአደጋው ጥቂት ቀደም ብሎ በእሳት ወድሞ ነበር። «እዚህ ናዳ ወርዶ አያውቅም» የሚለው ምስክርነት እውነት ነው፤ የመሰከረው ግን ስለ ሌላ ተራራ፣ ዛፍ ስለ ነበረው ተራራ ነው።

ሁለተኛው ዝምታ የሰው ነው። አማርኛ ስም አውጥቶለታል፤ ይሉኝታ። ከተነል ክሪክ የተረፉት አንዳንዶቹ በኋላ እንደ ተናገሩት ጠዋት ላይ ሆዳቸው ጠርጥሮ ነበር። ቡድኑ በዝቷል፤ በረዶው ብዙ ነው፤ ማስጠንቀቂያው አለ። ነገር ግን ዙሪያቸውን ሲያዩ የሚያዩት የሙያውን አንጋፋዎች ነው። እነርሱ ካልተናገሩ እኔ ማን ነኝ? አንጋፋዎቹም ወደ ጎን ሲያዩ የሚያዩት ዝም ያለ ሰው ነው። ሁሉም የሌላውን ዝምታ እንደ ዕውቀት ቆጠረው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ብሂል እዚህ ላይ አይሠራም፤ ድሩ ሲበዛ በንጣፉ ላይ የሚያርፈው ክብደት ይጨምራል፣ የሚናገረው አፍ ግን ይቀንሳል።

ኢያን ማካመን የተባለ ተመራማሪ በአሜሪካ የደረሱ 715 የናዳ አደጋዎችን መርምሮ ያገኘውም ከዚህ አይርቅም። ሰዎቹን ያሳታቸው ምልክት ማጣት አልነበረም፤ በአብዛኛዎቹ አደጋዎች ምልክቱ በግልጽ ይታይ ነበር። ያሳቷቸው በሌላው የኑሮ ዘርፍ ሁሉ የሚያገለግሉ ልማዶች ናቸው፤ የለመዱትን ቦታ ማመን፣ ዐዋቂ የተባለውን መከተል፣ የጀመሩትን መፈጸም፣ ሌላው ሳይቀድም መሽቀዳደም፣ በሰው ፊት ፈሪ ላለመባል መጣር። ሥልጠና የወሰዱ ሰዎች እንኳ በሚያውቁት ቦታ ላይ ካልሠለጠኑት እምብዛም ያልተሻለ ጥንቃቄ አድርገዋል። አደጋ ካገኛቸው ከአሥሩ ዘጠኙን ያህል የሚወስደው ናዳ የሚነሣውም በራሳቸው ወይም አብሯቸው ባለ ሰው እግር ነው። ተራራው ራሱ መጥቶ የሚያገኘው ሰው ጥቂት ነው።

ስለዚህ በክረምት ማዕበል ተራራ የሚወጡ ሰዎች ባለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት ያዳበሩት ጥበብ ሁለቱን ዝምታዎች የማናገር ጥበብ ነው ቢባል ያስኬዳል። የተራራውን ለማናገር በረዶውን ይቆፍራሉ። ጎንና ጎኑ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዓምድ ከበረዶው ቆርጠው ያቆማሉ፤ አካፋ በላዩ አስተኝተው አሥር ጊዜ ከእጅ አንጓ፣ አሥር ጊዜ ከክርን፣ አሥር ጊዜ ከትከሻ ይመቱታል። ዓምዱ በስንተኛው ምት፣ የትኛው ድርብ ላይ ተቆርጦ እንደ ተንሸራተተ ይመዘግባሉ። አንዳንዴ ደግሞ ተራራው ሳይጠየቅ ይናገራል። ሰው ሜዳ ላይ ሲራመድ ከእግሩ ሥር «ዉምፍ» የሚል የታፈነ ድምፅ ይሰማል፤ ደካማው ድርብ በንጣፉ ክብደት ሲወድቅ ነው። ያንን ሰምቶ ወደ ቁልቁለቱ የሚቀጥል ሰው መስማት ሳይሆን ማመን ነው ያቃተው።

ማዕበሉ ራሱም ይነበባል። በአንድ ቀን 30 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ በረዶ ከወረደ፣ ነፋሱ ካንዱ ጎን ጠርጎ በሌላው ጎን ከከመረ፣ ወይም ድንገት ሞቆ ከዘነበ፣ ንጣፉ ለመርጋት ጊዜ አላገኘም ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት የሚወጣው ማስጠንቀቂያ ይህን ሁሉ አጠናቅሮ ከአንድ እስከ አምስት ባለው ደረጃ ያቀርባል። የሚገርመው ብዙ ሰው የሚሞተው አምስት በተባለበት ቀን አይደለም። አምስት ሲባል ሰው ቤቱ ይውላል። ሦስት ሲባል ግን ጥርጣሬው በመካከል ይንጠለጠላል፤ ተራራ ወዳዱም የሚፈልገውን ግማሽ ይመርጣል። ከብዙዎቹ ሟቾች ጋር የሚጠቀሰው ደረጃ ሦስት ነው።

የሰውን ዝምታ ለማናገር ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ። ብዙ ቡድኖች ከመነሣታቸው በፊት አንድ ደንብ ይስማማሉ፤ ከመካከላቸው አንድ ሰው፣ ከሁሉም የማያውቀው እንኳ ቢሆን፣ «አልፈልግም» ካለ ምክንያት ሳይጠየቅ ሁሉም ይመለሳል። ቁልቁለቱን አንድ በአንድ ያልፋሉ፤ የቀሩት ናዳ የማይደርስበት ቦታ ቆመው ዓይናቸውን አይነቅሉም። ሁሉም ምልክት የሚያስተላልፍና የሚቀበል አነስተኛ መሣሪያ ደረቱ ላይ ያስራል፤ ረጅም ተጣጣፊ ዘንግና አካፋ ይይዛል። ይህ ለጌጥ አይደለም። በበረዶ የተቀበረ ሰው በ15 ደቂቃ ውስጥ ከወጣ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፤ 35 ደቂቃ ላይ ዕድሉ ወደ ሲሶ ይወርዳል። ሄሊኮፕተር በዚህ ጊዜ ውስጥ እምብዛም አይደርስም። አዳኙ ጠዋት ይሉኝታ ይዞት ዝም ያለው ያው ጓደኛ ነው።

ናዳ ካለፈ በኋላም ሌላ ዝምታ ይከተላል። በፌብሩዋሪ 2020 በቱርክ የቫን ግዛት ናዳ አንድ አነስተኛ አውቶቡስ ቀበረ፤ በማግሥቱ የተቀበሩትን በመፈለግ ላይ የነበሩትን አዳኞች ሁለተኛ ናዳ መታቸው። በሁለቱ ቀናት ከ40 በላይ ሰዎች አለቁ። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የተናደው በረዶ ሳይሆን በዝናብ የራሰ አፈር ነበር፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው ናዳ በኋላ በእጃቸውና በዶማ ጎረቤቶቻቸውን ለማውጣት የሮጡት ሰዎች በሁለተኛው ተቀበሩ። ሟቾቹ ከ200 በለጡ። እነርሱን ያጠፋቸው የሰው ፍቅር ነው፤ ጸጥ ያለው ቁልቁለት አበቃሁ ያለ መስሏቸው ነበር።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ብሂል ጥርጣሬን ያሞግሳል፤ የጠረጠረ ሰው ስለሚከፍለው ዋጋ ግን አይናገርም። በስቲቨንስ ፓስም ሆነ በሌላ ተራራ፣ ከማዕበል በኋላ ጠዋት የወጣ ቡድን ከጫፉ አጠገብ ደርሶ አንዱ «ዛሬ ይቅርብኝ» ሲል ሁሉም ሸርታቴውን ያዞራል። ሁለት ሰዓት ለፍተው የወጡትን ለዘብ ባለው፣ ደስታ በሌለው ትከሻ ይወርዱታል። ቁልቁለቱ አይናድም። ትክክል ነበሩ የሚላቸውም የለም፤ መመለስም እንደ መውረዱ ሁሉ መልስ አያገኝም። ከመኪናቸው አጠገብ ጫማቸውን እያራገፉ ሳለ ሌሎች አራት ሰዎች ሰላምታ ሰጥተው ያልፋሉ፤ እነርሱ ያወጡትን መንገድ ይዘው ሽቅብ ይወጣሉ። አንደኛው በረዶው እንዴት ነው ብሎ ይጠይቃል። «ይቅርብኝ» ያለው ሰው ጓንቱን በጥርሱ እያወለቀ ወደ ላይ ያያል፤ ከዚያ የሰሙትን «ዉምፍ»፣ የት አካባቢ እንደ ሆነም በጣቱ እያመለከተ፣ መንገር ይጀምራል።